ለማን ነው የምትሠሩት?
የመመረቂያ ፕሮጀክት ለሚመርጡ የምህንድስና ተማሪዎች፣ ለወላጆቻቸውና ለትዳር ጓደኞቻቸው

የምህንድስና ተማሪ ከሆንክ፣ ወይም በቤትህ አንድ የምህንድስና ተማሪ ካለ፣ ይህን ቀን ሳታውቀው አትቀርም። ጊዜው የመጨረሻው ዓመት ነው። በዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት ትለጠፋለች፤ «የመመረቂያ ፕሮጀክታችሁን ርእስ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስገቡ» ትላለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግቢው በሹክሹክታ ይሞላል። ማን ከማን ጋር ነው? ማን አማካሪ ይደርሰዋል? ምን እንሥራ?

እኛም በዚያን ጊዜ አራት ሆነን ከላይብረሪው ጀርባ ተቀመጥን። አንደኛው፣ «ካለፉት ተመራቂዎች የአንዱን ወስደን ቁጥሩን እንለውጠው» አለ። ሁለተኛው፣ «የለም፣ ስሙ ከባድ የሆነ ርእስ እንፈልግ፤ መምህራኑ ያልገባቸውን ነገር አጥብቀው አይጠይቁም» አለ። ሦስተኛው፣ «ገንዘብ አዋጥተን የሚሠራልን ሰው ብንፈልግስ? እኛ ለፈተናችን እናጥና» አለ። አራተኛው ዝም አለ። ይህ አራተኛው ልጅ በግቢው ፌሎሺፕ የጸሎት ክፍል አስተባባሪ ነበር። በየሳምንቱ ስለ ቅድስና ይጸልያል፣ ያስጸልያልም። በዚያን ዕለት ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ያ ዝም ያለው ልጅ እኔ ነበርኩ።

የአንደኛውን ሐሳብ ተቀበልን። ርእሳችን ለአነስተኛ መስኖ የሚሆን የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ነበር። መንደር አልወጣንም፤ ጉድጓድም አልለካንም። ከአሮጌው ጥራዝ ላይ፣ ፓምፑ ከሰባት ሜትር ጥልቀት ውኃ መሳብ እንደሚችል የሚናገረውን ሐሳብ ከነስሌቱ ገለበጥን። ለዲፌንስ ስንቀርብ ማንም ስለዚያ ቁጥር አልጠየቀንም። «ኤ» አገኘን። በቤተ ክርስቲያናችንም በተመራቂዎች እሑድ ከመድረኩ ፊት ቆምኩ፤ መጽሐፍ ቅዱስ ተሸለምኩ፤ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ባረኩኝ። እናቴ አለቀሰች።

ከሦስት ዓመት በኋላ በሥራ ምክንያት ወደ አንድ ደጋ ወረዳ ተላክሁ። የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ገንዘብ አዋጥተዋል፤ በበጋ ሽንኩርትና ድንች ማልማት ፈልገዋል። «አንተ በዚህ ጉዳይ ላይ አይደል የተመረቅኸው?» ተባልኩ። አዎ አልኩ። ውኃው ከመሬት በታች 6.5 ሜትር ላይ ነበር። ሰባት ሜትር ከሚለው ቁጥሬ ያነሰ ስለሆነ ያለ ሥጋት ፓምፑ እንዲገዛ ፈረምኩ። በተከላው ቀን ሕዝቡ ተሰበሰበ፤ ሞተሩ ተነሣ፤ ጮኸ፤ ጠብታ ውኃ ግን አልመጣም። ሞላነው፣ ቱቦውን ፈታተን አሰርን፣ እንደገና አስነሣነው። የለም! ከመካከላቸው አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ አንተ የተማርከው እዚሁ አገር ነው ወይስ ሌላ አገር?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ የእውነት ሊያውቁ ፈልገው ነው።

መልሱ ሌላ አገር ነበር። ፓምፕ ውኃን ከታች አይጎትትም፤ ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ሲያወጣ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ያ ግፊት በስሌት ውኃን 10 ሜትር ያህል ሊያወጣ ይችላል፤ በተግባር ግን በቱቦው ፍትጊያና በሌላም ምክንያት ከ7 ሜትር ብዙ አያልፍም። እኛ የቆምንበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ስሌቱ ራሱ ወደ 7.7 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር የሚገኘው 5 ሜትር ያህል ነው። እኔ የገለበጥኩት ቁጥር ለባሕር ዳርቻ እውነት ነው፤ ለእነዚያ ገበሬዎች ግን ሐሰት ነበር። ተማሪ ሳለሁ አንድ ጉድጓድ አጠገብ ቆሜ በእጄ ሞክሬው ቢሆን ኖሮ ይህን በአንድ ቀን እማረው ነበር።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ ይህን ታሪክ የጻፍኩላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ምርጫ የውጤት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እንድታዩ ብዬ ነው። ዛሬ ወረቀት ላይ የምታኖሩት ቁጥር ነገ በአንድ ሰው ማሳ ውስጥ ይቆማል።

ይህ የእምነት ጉዳይ ነውን?

አንዳንዶቻችን ጸሎትና ዝማሬ መንፈሳዊ፣ ሲሚንቶና ቱቦ ሥጋዊ ይመስሉናል። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይከፍላቸውም። በዘጸአት 31 እግዚአብሔር በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ የሞላው ባስልኤል የእጅ ሥራ ባለሙያ ነው፤ ወርቅ፣ ብር፣ ናስ፣ ድንጋይና እንጨት ያበጃል። በዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል፤ ሰው ከዚያ ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። እስቲ አስተውሉ! ይህ ትእዛዝ ለካህን የተሰጠ ብቻ አይደለም፤ ለማንኛውም ቤት ሠሪ ነው። ከጣሪያው ሊወድቅ የሚችለውን፣ ገና ያልመጣውን እንግዳ አስቀድሞ ማሰብ የፍቅር ሥራ ነው። ምህንድስና በአንድ ቃል ይገለጽ ከተባለ፣ መከታውን ማሰብ ነው።

ታዲያ ርእስ ስትመርጡ ምን ትጠይቁ? እኔ አራት ጥያቄዎችን አቀርብላችኋለሁ።

1ኛ. ለማን ነው የምንሠራው?

ብዙ ተማሪዎች ከመሣሪያው ይጀምራሉ። «ድሮን እንሥራ»፣ «ሮቦት እንሥራ»፣ «በሶላር የሚሠራ አንድ ነገር እንሥራ» ይላሉ። መሣሪያው መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ችግሩ ሳይታወቅ መፍትሔው ተመረጠ ማለት ነው። እናንተ ከሰው ጀምሩ። ርእሳችሁን ከማስገባታችሁ በፊት የሚጠቀምበትን አንድ ሰው ጥሩ፤ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ሥራውን የምታውቁትን ሰው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ እንበል። አንድ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። እናት ለሁለት ሰዓት ብትጋግር 7 ኪሎዋት ሰዓት ፈጀች ማለት ነው። አሁን የምጣዱን አሠራር ገልብጣችሁ እዩ። የሚግለው ሽቦ ከሸክላው በታች ባለው ቦይ ውስጥ ተጠምጥሟል። ሙቀቱ ወደ ላይ ወደ ሊጡ ብቻ አይሄድም፤ ወደ ታችና ወደ ጎንም ይሸሻል። እናታችሁ ስትጋግር ወጥ ቤቱ የሚሞቀው፣ የምጣዱ እግር የሚግለው ለዚህ ነው።

«የኢትዮጵያ የኃይል ችግርና መፍትሔው» የሚል ርእስ ብትይዙ በአንድ ዓመት ቀርቶ በዕድሜአችሁ አትጨርሱትም። «የኤሌክትሪክ ምጣድን ከታች ሙቀት በሚከላከል የአገር ውስጥ ቁስ ብንሸፍነው ምን ያህል ኃይል ያተርፋል?» ብትሉ ግን ፕሮጀክት አገኛችሁ። ያው ሊጥ፣ ያው የእንጀራ ብዛት፣ ያቺው ጋጋሪ ይሁኑ። ሳትሸፍኑት ሦስት ጊዜ፣ ከሸፈናችሁት በኋላ ሦስት ጊዜ አስጋግሩ፤ ለምጣዱ ብቻ በተገጠመ ቆጣሪ ለኩ። ከሰባቱ ኪሎዋት ሰዓት አንዱን እንኳ ብታድኑ ለአንዲት እናት በየሳምንቱ የሚተርፍ ነገር ነው። ምንም ባታድኑም ያንኑ በእውነት ጻፉ። «ይህ ቁስ አልጠቀመም» የሚል በትክክል የተለካ ውጤት ከተገለበጠ «ኤ» ይበልጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ከዚያ ይነሣልና።

ይህ ትንሽ ሥራ ነው የሚል ካለ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የተሠሩትን «ምርጥ» እና «ላቀች» ምድጃዎች ያስታውስ። «ምርጥ» የእንጀራ መጋገሪያ ነው፤ «ላቀች» የከሰል ምድጃ ናት። ሁለቱም ከጉልቻና ከተለመደው የከሰል ምድጃ ይልቅ ማገዶ እንዲቆጥቡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ወጥ ቤት ገብቶ፣ ጭሱን ቀምሶ፣ የሴቶችን ድካም ያየ ሰው ነው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራው።

በየትምህርት ክፍላችሁም እንዲሁ ሰው ፈልጉ። የኬሚካል ወይም የውኃ ምህንድስና ተማሪ ከሆናችሁ፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ ይበዛባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠኑ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በዚያ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ግን ታሪኩን ይናገራል። በተቃጠለ የከብት አጥንት ፍሎራይድን ማጣራት እንደሚቻል የታወቀ ነው፤ ማጣሪያው በአንድ ቤተሰብ አቅም ስንት ቀን ያገለግላል? መካኒካል ከሆናችሁ፣ የእንሰት ግንድ ፋቂ እናቶችን ተቀምጣችሁ እዩ፤ ወገባቸው የሚጎብጠው ለምንድን ነው? ኤሌክትሪካል ከሆናችሁ፣ ብዙዎቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፤ መብራት ሲጠፋ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ሙቀት በስንት ሰዓት 8ን ያልፋል? ሲቪል ከሆናችሁ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው የሚሻገሩት ቦይ ከደጃችሁ አለ።

2ኛ. በዓይናችን አይተነዋልን?

ነህምያ ኢየሩሳሌም እንደ ደረሰ ግንባታ አልጀመረም። በነህምያ ምዕራፍ 2 እንደምናነበው ሦስት ቀን ቆየ፤ ከዚያም በሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዞ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ መረመረ። እንስሳው ማለፍ ያልቻለበትን ሥፍራ እንኳ አየ። ሕዝቡን «ኑ እንሥራ» ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ቅጥሩም በ52 ቀን ተፈጸመ።

እናንተም ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ወደ ቦታው ሂዱ። አንዴ ለማየት፣ አንዴ ለመለካት። በኢንተርንሺፕ ወራት የሠራችሁበት ፋብሪካ ወይም የግንባታ ቦታ ካለ፣ ሠራተኞቹ ዘወትር የሚያማርሩበትን ማሽን አስታውሱ፤ ከእነርሱ የተሻለ ርእስ ሰጪ የለም። ስትሄዱም አስተማሪ ሆናችሁ አትሂዱ። «ይህን እንዴት ነው የምትሠሩት? የሚያስቸግራችሁ የቱ ነው? ከዚህ በፊት የተሞከረ ነገር አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ የወራት ድካም ያድናል።

3ኛ. እንጨርሰዋለን ወይ?

ጌታችን በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ተናግሯል። ያ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ካልቆጠረ መሠረቱን ጥሎ ያቆማል፤ መንገደኛም ይስቅበታል። ትምህርቱ ስለ ደቀ መዝሙርነት ነው፤ ነገር ግን ምሳሌው እውነተኛ የግንበኛ ምሳሌ ነው።

ጊዜያችሁን ከዲፌንሱ ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለመጻፍና ለማረም አንድ ወር አውጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና ስላለባቸው ለእርሱም ጊዜ አውጡ። የበዓላትን ሳምንትና መብራት የሚጠፋባቸውን ቀናት ቀንሱ። የቀረውን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። የሚገዛ ዕቃ ካለ ርእሱን ከማጽደቃችሁ በፊት መርካቶ ዞራችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ዕቃው በአገር ውስጥ ከሌለ ርእሱን አጥቡት ወይም ለውጡት። ግዥው በዩኒቨርሲቲው በኩል ከሆነ ፕሮፎርማ አሰባስቦ እስኪፈጸም እንደሚዘገይ አስቡ።

አንድ ጠቃሚ ልማድ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ወር አስቀያሚም ቢሆን የሚሠራ ነገር ሥሩ። ከካርቶን፣ ከቆርቆሮ፣ ብየዳ ቤት ከወደቀ ብረት ይሁን። እርሱ በልቶ የሚያሳያችሁን ስሕተት ኮምፒውተር ላይ የተሳለ ቆንጆ ሥዕል አያሳያችሁም።

4ኛ. ከማን ጋርና በማን እጅ?

ባስልኤል ብቻውን አልሠራም፤ ኤልያብ ተሰጠው። የቡድን ጓደኛ ስትመርጡ የክፍሉን ጎበዝ ብቻ አትፈልጉ፤ በሰዓቱ የሚመጣውን፣ ሲሳሳት «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ፈልጉ። ጓደኞቻችሁ ከእናንተ እምነት ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ፤ መልካም ነው። ስለ ጌታ ከምትነግሯቸው በፊት ሌሊት ድርሻችሁን ስትሠሩ ይዩአችሁ። በአንጻሩ ሁሉ «ኮንፈረንስ አለብኝ፣ ኳየር ልምምድ አለብኝ» እያለ ሥራውን ለሌሎች የሚተው ወንድም ምስክርነቱን በገዛ እጁ ያበላሻል።

ሥራውም በእናንተ እጅ ይሁን። በየግቢው አካባቢ በገንዘብ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ እንዳሉ ታውቃላችሁ። ዛሬ ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጽፍ ማሽን በስልካችሁ ውስጥ አለ። ከመጽሐፍም ሆነ ከማሽን መማር ነውር አይደለም፤ ከቀደሙት ሥራ መነሣትም ስማቸውን ጠርታችሁ እስከሆነ ድረስ ተገቢ ነው። ያልለካችሁትን «ለካን»፣ ያልሠራችሁትን «ሠራን» ብላችሁ መፈረም ግን ውሸት ነው። ቡድናችሁ ወደዚያ ሲያዘነብል ዝም አትበሉ። እኔ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ ዝምታዬ ሌሎች እንዲከፍሉ አደረገ።

ለወላጆችና ለጥንዶች

እናትና አባት ሆይ፣ ልጃችሁ የሚሠራውን ነገር በፈረንጅ ቃል ተሸፍኖ ሲነግራችሁ «እኛ ምን ገብቶን» ብላችሁ አትለፉት። «ልጄ፣ በእኔ ቋንቋ ንገረኝ። ለማን ይጠቅማል?» በሉት። ርእሱን ለእናቱ ማስረዳት ያቃተው ተማሪ ገና ለራሱም አልገባውም። በውጤቱ ብቻም አትመዝኑት። «ኤ አምጣ» የሚለው ቃላችሁ ብቻውን ሲሰማ ልጅን ወደ አቋራጭ ሊገፋው ይችላል፤ «በእጅህ የሠራኸውን አሳየን» የሚለው ግን ያቆመዋል።

ከባልና ሚስት አንዳችሁ በማታ የምትማሩ ከሆነ፣ ርእሱን አብራችሁ ምረጡ። ፕሮጀክቱ የሚወስደው የቤቱን ምሽትና የቤቱን ገንዘብ ነው። ስንት ምሽት? ስንት ብር? እስከ መቼ? ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩና ተስማሙ፤ ከዚያም ጸልዩበት። ያልተነገራት ሚስት በየምሽቱ ባዶ ወንበር ታያለች፤ የተስማማች ሚስት ግን የቡድኑ አምስተኛ አባል ትሆናለች። ባልም እንዲሁ፤ ሚስትህ ዲፌንስ ሲደርስባት ልጆቹን ማስተኛት የአንተ ድርሻ ነው።

እጮኛሞችም ተመልከቱ። ሰው ማንም በማይጠይቀው ቁጥር ላይ ታማኝ መሆኑን ካሳየ፣ ማንም በማያየው ትዳር ውስጥም ታማኝ እንደሚሆን ተስፋ ይሰጣል። እኔ ያን የፓምፕ ታሪክ ከመጋባታችን በፊት ለባለቤቴ ነገርኳት። ትተወኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። የጠየቀችኝ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ገበሬዎቹስ ውኃ አገኙ?»

አገኙ። በዚያን ዕለት ማታ አልተኛሁም። በማግሥቱ በአለቃዬና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ ስሕተቱ የፓምፑ ሳይሆን የእኔ መሆኑን፣ ቁጥሩንም ከየት እንዳመጣሁት ተናገርኩ። እኚያ አዛውንት ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፣ «እንግዲያው ውኃው ካልወጣ እኛ ወደ እርሱ እንውረድ» አሉ። ጉድጓዱ ከተዳፋት ሥር ስለነበር በጎኑ ሰፊ መደብ ቆረጥን፤ ፓምፑንም ሁለት ሜትር ተኩል ዝቅ አድርገን አስቀመጥነው። የሞተሩ ጭስ ታፍኖ ሰው እንዳይገድል አንዱን ወገን ክፍት ተውነው፤ ዳሩንም በእንጨት አጠርን። ሞተሩ ሲነሣ ውኃው አራት ሜትር ብቻ ነበር የሚወጣው፤ መጣም። ልጆቹ እየጮኹ ከቦዩ ጋር ሮጡ። የአምስት ዓመት ትምህርቴን የጨረስኩት በዚያን ቀን ይመስለኛል።

ውድ ተማሪ፣ አንተ ግን እስከዚያ አትጠብቅ። ያቺ ወረቀት በሰሌዳው ላይ ስትለጠፍ ጓደኞችህን ሰብስብ፤ «ለማን ነው የምንሠራው?» የሚለውን ቃል ቀድመህ አንተ ተናገር። ጌታ በጥቂቱ የሚታመኑትን ይወዳል። ይርዳችሁ፤ ተባረኩ!

በቤትና በቡድን ለመወያየት

1. ፕሮጀክታችን የሚጠቅመው ሰው ስሙ ማን ነው? ከእርሱ ጋር ስንት ጊዜ ተነጋግረናል?
2. በወረቀታችን ላይ ካሉት ቁጥሮች ራሳችን የለካናቸው የትኞቹ ናቸው? የተዋስናቸውስ ለዚህ ቦታ ይሠራሉ?
3. የሠራነው ነገር ቢበላሽ ማን ይጎዳል? «መከታው»ስ የት አለ?
4. እንደ ባልና ሚስት ወይም እንደ ቤተሰብ፣ ለዚህ ሥራ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ ለመስጠት ተስማምተናል?